ዘመድ ከዘመዱ፤ ስለ አሮጌው ላንድክሩዘርና ስለ ሞተሩ

ባለፈው ሐምሌ የኳስ ውድድሩ ከሚካሄድበት ስታዲየም ውጭ፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር፣ ሰው ተኮልኩሎ አየሁና ጠብ መስሎኝ ተጠጋሁ። ጠብስ አልነበረም። አንድ ወንድማችን የ1972 ቶዮታ ላንድክሩዘሩን ኮፈን ከፍቶ ያስጎበኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አንባቢ እንዳይምታታበት።) መኪናው ያምራል። ገላው የአሸዋ ቀለም፣ ጣሪያው ነጭ፣ የፊት መብራቶቹ እንደ ሁለት የሕፃን ዓይን ክብ። ሞተሩ ግን የራሱ አልነበረም። ከአንድ የሼቭሮሌት ፒክአፕ የተነቀለ 5.7 ሊትር ቪኤይት ተቀምጦበታል። ባለመኪናው ቁልፉን ሲያዞረው አስፋልቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሰዉም አጨበጨበ። አንድ ጎረምሳ «አሁን ገና መኪና ሆነ!» ብሎ ጮኸ።

እኔም አፌ አያርፍምና «አሁን ገና ሞተ» አልኩ።

ሳቁብኝ። ጎረምሳው «ጋሼ፣ ለዚያ ለትራክተር ሞተር ነው እንዴ የሚሟገቱት?» አለኝ። ባለመኪናውም በትሕትና «ጋሼ፣ የድሮው እኮ ዳገት ላይ ያስለምን ነበር» አለ። እኔም ስቄ አለፍኩ። ነገር ግን ቤቴ ገብቼም አልተወኝም። በዚያ ጫጫታ ውስጥ መመለስ የነበረብኝን እነሆ በዚህ ገጽ ልመልስ።

በቅድሚያ ምን አግብቶኝ እንደምናገር ልግለጽ። መፍቻ የያዝኩት ገና በልጅነቴ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጠገብ ከነበረ ጋራዥ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ እያልን የጣሊያኑን ቃል የራሳችን አድርገን ነበር የተማርነው። እዚህ አገር መጥቼ የእንግሊዝኛውን ስም እስክለምድ ድረስ መለዋወጫ ሻጩ «ምን ፈለግህ?» ሲለኝ በእጄ ቅርጹን አሳየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት በዚሁ ሙያ ነው። አሮጌ ላንድክሩዘር በእጄ ያላለፈበት ዓመት ጥቂት ነው።

ለምን እንደምንገዛቸውም አውቃለሁ። ከእኛ መካከል ይህን መኪና በልጅነቱ ያላየ ማን አለ? አንዱ ከገጠር ትምህርት ቤቱ ደጅ የክትባት ሠራተኞችን ይዞ ሲመጣ ያስታውሰዋል። ሌላው በ1984 እና በ1985 የረሃብ ጊዜ የእርዳታ ሰዎች ከነአቧራቸው ሲወርዱበት አይቷል። አባቱ በእርሻ ሚኒስቴር ሾፌር የነበረ ሰው ደግሞ የወንበሩን ሽታ ሳይቀር ይነግርሃል። ታዲያ ሰው እዚህ ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ ልጆቹን አስተምሮ፣ ጥቂት ገንዘብ ሲተርፈው ይህንኑ መኪና ፈልጎ ቢገዛ ማን ይፈርድበታል? ዋጋውም ዛሬ ቀላል አይደለም፤ በደንብ የታደሰ ኤፍጄ 40 በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ሲሸጥ እናያለን።

ችግሩ የሚጀምረው ሞተሩ ሲሞት ነው። መሞቱ ደግሞ አይቀርም፤ ሃምሳ ዓመት ያገለገለ ብረት ነው። በዚያን ጊዜ ሁለት ዓይነት አማካሪ ይከብሃል። አንደኛው «አውጣና ቪኤይት አስገባበት» ይልሃል። ሁለተኛው «እንዳትነካው፤ ኦሪጅናሉ ካልሆነ ዋጋ የለውም» ይልሃል። እኔ የምለው፣ ሁለቱም ተሳስተዋል። አሮጌ ላንድክሩዘር መተካት ያለበት ከራሱ ቤት፣ ከእሱ በኋላ በመጣው የቶዮታ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።

(የማወራው ስለ ሞተር ነው። በዚህ ዘመን «ዘመድ» የሚል ቃል በተጻፈ ቁጥር ሌላ ነገር የሚፈልግበት አንባቢ ስላለ ነው ይህን ማለቴ። ለዚያ ክርክር ሌላ ገጽ አለ።)

እስቲ ስለዚያ «የትራክተር ሞተር» ጥቂት ላጫውታችሁ። ስሙ ኤፍ ነው፤ 3,878 ሲሲ። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር፣ እንደ ሰልፈኛ አንዱ ከአንዱ ኋላ ቆመዋል። አንደኛውና ስድስተኛው ፒስተን አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ሁለተኛውና አምስተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛውና አራተኛውም እንዲሁ። እሳቱ 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 እያለ በየ120 ዲግሪው ይነካል። በዚህ አደራደር የአንዱ ጥንድ ግፊት የሌላውን ያጠፋዋል። ማንም ብልጥ መሐንዲስ የተጨማሪ ሚዛን ዘንግ ሳይጨምርበት በተፈጥሮው የተመዛዘነ ሞተር ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከቴስታታው ላይ አስቀምጠህ ሞተሩን በዝግታ ብታዞረው የምታየው እሱን ነው። ጉልበቱንም የሚሰጠው ገና በ2,000 ዙር ግድም ነው። ለሩጫ አልተሠራም፤ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀስ ብሎ ለመውጣት ነው።

ታሪኩ ደግሞ ቪኤይት ወዳጆችን ሊያስደስት ይችላል። ኪይቺሮ ቶዮዳ መኪና ለመሥራት ሲነሣ በ1933 አንድ ሼቭሮሌት ገዝቶ እስከ ቡሎኑ ፈታታው። በ1935 የወጣችው የመጀመሪያዋ የቶዮታ መኪና የተሸከመችው ሞተር፣ 3.4 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ከዚያ ሼቭሮሌት የተቀዳ ነበር። በኋላ የመጣው ኤፍም የአሜሪካኖቹን የሼቭሮሌትንና የጂኤምሲን ባለ ስድስት ሲሊንደር አሠራር ተከትሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ «አሜሪካዊ ሞተር ቢገባበት ምን ይለዋል?» የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ሲወለድም ገብቶበታል እለዋለሁ።

ታዲያ ሼቭሮሌቱ ቪኤይት ዘመዱ አይደለምን? አይደለም። በእኔ ሙያ ዝምድና የሚለካው በአፈ ታሪክ ሳይሆን በቡሎን ቀዳዳ ነው። የኤፍ ሞተር ከጥንቶቹ የአሜሪካ አባቶቹ እንኳ ዋና ዋና ክፍሎቹን አይዋዋስም። ቪኤይቱማ ከላንድክሩዘሩ ካምቢዮ ጋር ለመገናኘት በመካከላቸው የተሠራ ማገናኛ ብረት ይሻል። ወይም ካምቢዮው ራሱ ወጥቶ የአሜሪካ ካምቢዮ ይገባል። ያ ሲሆን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱት ዘንጎች ይቆረጣሉ ወይም ይቀጠላሉ። ሞተሩ ወደ ጎን ሰፊ ስለሆነ የጭስ መውጫው ከመሪው ዘንግ ጋር ይጋፋል፤ ስለዚህ መሪው ይለወጣል። ሙቀቱን ራዲያተሩ አይችለውም፤ ራዲያተሩ ይለወጣል። ሞተር ልለውጥ ብለህ የገባኸው ሰው ስትወጣ መኪና ለውጠህ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ቪኤይቱ ከብዶ አይደለም ችግር የሚያመጣው፤ የድሮው ስድስት ሲሊንደር ራሱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ነው። መለዋወጫውም በየመንደሩ ሱቅ በርካሽ ይገኛል። ያ ባለመኪና «ዳገት ላይ ያስለምን ነበር» ያለውም ውሸት አይደለም፤ በአውራ ጎዳና ላይ በኤፍ ሞተር የሚሄድ ሰው የጭነት መኪና ሲያልፈው ማየት መልመድ አለበት። ይህን ሁሉ አምናለሁ። የማላምነው «ከዚያ በኋላ ችግር የለም» የሚለውን ነው። በዚህ ጉዳይ እጄ ንጹሕ አይደለምና ልናዘዝ።

በ1996 ዴንቨር ሳለሁ አንድ ወዳጄ የ1970 ላንድክሩዘሩን አመጣልኝ። ሞተሩ ዘይት ይጠጣል። «ቪኤይት ግባበት» አለኝ፤ እኔም ገንዘቡን ፈልጌ፣ ደግሞም እንደምችል ለማሳየት፣ እሺ አልኩ። ቪኤይቱን ከነአውቶማቲክ ካምቢዮው አስገባሁት። ሥራው ያምር ነበር። ገንዘቡ ስላለቀበት ግን ፍሬኑን ሳልነካ አስረከብኩት። ልብ በሉ፣ ለአሜሪካ የመጣው ላንድክሩዘር እስከ 1975 ሞዴል ድረስ አራቱም ጎማው ላይ ያለው የታምቡር ፍሬን ነው፤ ፊት ለፊት ዲስክ የተደረገለት ከ1976 ሞዴል ጀምሮ ነው። ያ የታምቡር ፍሬን የተሠራው በሰዓት ከ60 ማይል ብዙም ለማያልፍ መኪና ነው። ወዳጄ ሚስቱንና የአምስት ዓመት ልጁን ይዞ በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ ወጣ። ዳገቱን እንደ ንስር ወጣው። ከአይዘንሃወር መሿለኪያ አልፎ ወደ ሲልቨርቶርን ሲወርድ ፍሬኑ ጋለ፣ ሸተተ፣ ቀጥሎም ፔዳሉ ወለል ነካ። የድሮው ሞተር ከድሮው ካምቢዮ ጋር ቢሆን ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ይዞት ይወርድ ነበር። አውቶማቲኩ እንደዚያ አልያዘለትም። የዳኑት ፍሬናቸው ለሚበጠስ ከባድ መኪናዎች ተብሎ ከመንገዱ ዳር በተሠራው ዳገት ላይ ወጥቶ ጠጠር ውስጥ በመስመጡ ነው።

ማንም አልሞተም። ወዳጄም ይቅር ብሎኛል። ሚስቱ ግን እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው፤ አልፈርድባትም። ከዚያ ወዲህ ፍሬን ሳልመለከት ሞተር አልተካሁም። ቪኤይትም ላንድክሩዘር ውስጥ አላስገባሁም።

ወደ ሁለተኛዎቹ አማካሪዎች ልዙር፤ ወደ «ኦሪጅናል» ወዳጆች። እነዚህ ጨዋዎች ናቸው፣ ድምፃቸውም ለስላሳ ነው። ነገር ግን ስንት መኪና እንደገደሉ ብትቆጥሩ ከቪኤይቶቹ አያንሱም። አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ የ1969 ላንድክሩዘሩ ሞተር በክረምት ውሃው በረዶ ሆኖ ሰንጥቆታል። «የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር አብሮ ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ ሌላ ካስገባሁበት ዋጋው ይወድቃል» ብሎ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ጋራዡ ውስጥ ሸፍኖ አስቀምጦታል። አይጥ ሽቦውን በልቶታል። የወለሉ ቆርቆሮ በእጅ ይፈረፈራል። ለመሆኑ የሚጠብቀው ምንድን ነው? የተሰነጠቀ ብረት በጸሎት አይገጥምም!

እነዚህ ሰዎች የሚረሱት ቶዮታ ራሱ ሞተሩን እየለወጠ መኖሩን ነው። ኤፍ ጥሩ ሞተር ነበር፤ ጉድለቱን ግን ከእኛ በፊት የሠሩት ሰዎች አይተውታል። በ1975 ሞዴል 2ኤፍ መጣ። የሲሊንደሩ ስፋት ከ90 ወደ 94 ሚሊሜትር አደገ፣ ይዘቱም 4,230 ሲሲ ሆነ። ዘይቱ መጀመሪያ በማጣሪያው አልፎ ከዚያ ወደ ቀረው ሞተር እንዲሄድ ተደረገ፤ ይህቺ ትንሽ የምትመስል ነገር የስንቱን ሞተር ዕድሜ እንዳረዘመች መካኒክ ያውቃታል። በ1988 ደግሞ 3ኤፍ-ኢ መጣ፤ 3,955 ሲሲ፣ የፒስተኑ ጉዞ ያጠረ፣ በካርቡራቶር ፈንታ ቤንዚኑን በመርፌ የሚረጭ። ይህ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ወግ ነው። ፋብሪካው «የበፊቱ ይሻላል» ብሎ በ1960 ቢቆም ኖሮ የምንወደው መኪና እስከ 1984 ባልተሠራም ነበር።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። መኪናህ ከ1975 በፊት የተሠራ ኤፍ ከሆነና ሞተሩ ከተበላሸ፣ መጀመሪያ በእርግጥ መሞቱን አረጋግጥ። ስንቱ «ሞተ» የተባለ ሞተር ቫልቩ ብቻ ተስተካክሎ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተለውጦ፣ ካርቡራቶሩ ታጥቦ ተነሥቷል! ሞቶ ከሆነ 2ኤፍ ፈልግ። ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር ያለ ማገናኛ ይጋጠማል። ሻንሲውን አትቆርጥም፣ ዘንጎቹን አትነካም፣ መሪው በቦታው ይቀራል። የጋዝ መስጫውን ዘዴና የጭስ መውጫውን ማስተካከል ይኖርብሃል፤ እሱም የሳምንት ሥራ አይደለም። ጉልበቱ ከቀድሞው እጅግ አይበልጥም፤ 135 ፈረስ ነው። ቢሆንም ዳገቱን ይወጣልሃል፣ ቁልቁለቱንም ይዞህ ይወርዳል።

በየቀኑ ወደ ሥራ ልነዳው የሚል ሰው 3ኤፍ-ኢን ቢመርጥ አልቃወምም። በ155 ፈረስ ያለ ሐፍረት ከአውራ ጎዳናው ትገባለህ፤ ክረምት ጧትም በአንድ ቁልፍ ይነሣል። ግን ሞተሩን ብቻ ገዝተህ እንዳትመጣብኝ። ኮምፒውተሩን፣ ሽቦውን በሙሉ ሳይቆረጥ፣ የቤንዚን ፓምፑንና ወደ ታንኩ የሚመልሰውን ቧንቧ ጭምር ይዘህ ና። ሽቦ በመቀስ ቆርጦ ያመጣልኝ ደንበኛ ካለ፣ ከሞተሩ ዋጋ ይልቅ የእኔ ሰዓት ያስከፍለዋል። ከ1993 ሞዴል ጀምሮ ለአሜሪካ በመጣው ላንድክሩዘር የገባው 1ኤፍዜድ ደግሞ 4.5 ሊትር፣ 24 ቫልቭ፣ 212 ፈረስ ነው። ድንቅ ሞተር ነው። ለአሮጌው መኪና ግን ትልቅ ነው፤ የገዛ ካምቢዮውን ወይም ማገናኛ ይፈልጋል፣ ፍሬኑና መሪውም ለእሱ ካልተለወጡ ወደዚያው ወደ ሲልቨርቶርን ቁልቁለት ይመልሰናል። የቶዮታ ስለሆነ ብቻ አላሞግሰውም።

ሕጉንም አትርሱ። በካሊፎርኒያ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከ1976 ሞዴል ወዲህ የሆነ የቤንዚን መኪና የጭስ ምርመራ አለበት፤ የሚተካው ሞተርም ከመኪናው ዓመት ያላረጀ፣ ከነጭስ መቆጣጠሪያው የመጣ መሆን ይኖርበታል። ከኮሎምቢያ ወይም ከሌላ አገር አሮጌ ላንድክሩዘር ለማስመጣት የምታስቡም አላችሁ። ከ21 ዓመት በላይ ለሆነ መኪና የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ነፃነት እንደ ፋብሪካው ለቀረ መኪና ነው። ቪኤይት የተሸከመ ላንድክሩዘር ወደብ ላይ ቢያስጨንቃችሁ እንዳትገረሙ። «አድሼ አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚሉ ደግሞ ነበሩ። ኢትዮጵያ በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና ማስገባትን ከልክላለች፤ ያ ሕልም የነበረው ሰው ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ።

«መኪናው የእኔ ነው፤ ምን አገባህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የአንተ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ትሸጠዋለህ። የሚገዛህም ሌላ ወገንህ ነው፤ በዚሁ መጽሔት ማስታወቂያ አይቶ፣ «የ1972 ላንድክሩዘር» የሚለውን አንብቦ፣ የልጅነቱን መኪና አገኘሁ ብሎ የሚመጣ። ያን ጊዜ ምን እንደቆረጥክ ትነግረዋለህን? የተቆረጠው ሻንሲ ቀለም ተቀብቶ ተሸፍኗል፤ ፍሬኑም የአባቱ ፍሬን ነው። ዘመድ ሞተር ያስገባ ሰው ግን አሮጌውን በዘይት አርሶ ጥግ ካስቀመጠ፣ የሚቀጥለው ባለቤት ሲሻው አሠርቶ በገዛ ቦታው ሊመልሰው ይችላል። አንድ ቀዳዳ አልተበሳ፣ አንድ ብረት አልተቆረጠ። «ኦሪጅናል» ወዳጆቻችንም የሚሉት የቁጥር ዋጋ በዚህ መንገድ አይጠፋም፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይጠብቃል።

ስለ ቪኤይት ስም አንድ ነገር ልጨምር፤ ስላናደደኝ ነው። አገር ቤት «ቪኤይት» ማለት የባለሥልጣን መኪና ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ሰው ሞተሩን አያውቀውም፣ የሚያውቀው ጥቁር መስተዋቱን ነው። እዚህ ያለውም ወጣት ድምፁን ሲሰማ የሚያጨበጭበው እንደዚያው ይመስለኛል። ቶዮታ ግን በ2021 ባወጣው በአዲሱ ላንድክሩዘር ላይ ቪኤይትን ትቶታል። በረሃና ተራራ ለሚወጡት ለሥራ መኪናዎቹ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራ የኖረው 4.2 ሊትር፣ በአንድ መስመር የቆመ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። አገር ቤት ገጠር የሄደ ሰው ድምፁን ያውቀዋል።

ያ ከስታዲየሙ ውጭ ያገኘሁት ወንድማችን ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ስልኬን ከሰው ለምኖ ነው ያገኘው። መጀመሪያ ስለ ኳሱ አወራን፤ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ፔዳሉ ትንሽ እየላላ ነው» አለኝ። የድሮውን ሞተር የት እንዳደረገው ጠየቅሁት። ከጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል አለኝ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት እንዲያፈስበት፣ መኪናውንም እስከዚያ ከመንደር እንዳያወጣው ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ፤ በቅድሚያ የምፈታው ግን ሞተሩን ሳይሆን የፊት ጎማውን ነው።